ቢጫና ጥቁር፦ ከመንግሥቱ ስም በፊት የተወለደው የጅዳ ክለብ

ጅዳ ውስጥ የጨዋታ ቀን ማታ ታክሲ ተሳፍረው ያውቃሉ? ሾፌሩ ሰላምታውን ሳይጨርስ አንድ ጥያቄ ያቀርብልዎታል፦ «ኢቲሃዲ ወላ አህላዊ?» የኢቲሃድ ነዎት ወይስ የአህሊ? አገርዎን ሳይጠይቅ፣ የት እንደሚሠሩ ሳይጠይቅ ይህን ይጠይቃል። «ሁለቱንም አልደግፍም» ካሉ ጅዳ ገና አልገቡም ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ለሾፌሩ መልስ እንዲኖርዎት ያህል የተጻፈ ነው። በዋናነት የምናወራው ስለ ኢቲሃድ ነው። አህሊንና የመካውን ወህዳ ሳያነሱ ግን ስለ ኢቲሃድ መናገር አይቻልም። እግረ መንገዳችንን አዲስ አበባ አራዳ ድረስም ጎራ እንላለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ዓርብ ከሰዓት በለድ ይሂዱ። የወርቅና የሽቶ ሱቆቹን ትተው፣ በእንጨት ሰገነት ወዳጌጡት የኮራል ድንጋይ ቤቶች መሀል ይግቡ። ባብ መካ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። «ባብ» በር ነው፤ በር ካለ ግንብ ነበረ ማለት ነው። ጅዳ እስከ 1947 ድረስ በግንብ የታጠረች ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው በረሃ። ዛሬ ከደቡብ እስከ ሰሜን ለመድረስ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅባት ከተማ ያኔ በእግር ተዞራ የምታልቅ ነበረች። በባሕሩ በኩል የሚገቡት ሐጃጆች ከጃቫ፣ ከህንድ፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከሱዳን፣ ከእኛም አገር በምፅዋ በኩል የሚሻገሩ ነበሩ። አንዳንዱ ሐጁን አድርጎ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ይቀራል። ኳሷም የመጣችው በዚሁ መንገድ ነው፤ በመርከበኛና በሐጃጅ እጅ።

ኢቲሃድ የተመሠረተው በ1927 ነው። ይህን ዓመት ከሌሎች ሁለት ዓመታት ጋር ያስተያዩት። «የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት» የሚለው ስም በይፋ የታወጀው በ1932 ነው። ነዳጅ በብዛት የተገኘው በ1938 ነው። እንግዲህ ክለቡ ከአገሪቱ የዛሬ ስም በ5 ዓመት፣ ከነዳጁ ደግሞ በ11 ዓመት ይቀድማል። ንጉሥ አብዱልዓዚዝ ጅዳን ከያዙ ገና ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። ደጋፊዎቹ «አል ዓሚድ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኛ ቋንቋ «አንጋፋው» እንደማለት። በሳዑዲ ካሉት ክለቦች በዕድሜ የሚበልጠው የለም።

መሥራቾቹ ልዑላን አልነበሩም። የክለቡ ታሪክ እንደሚያወሳው በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ቢሮ የሚሠሩ ወጣቶችና የጅዳ ነጋዴ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ይህ የቴሌግራፍ ነገር እኔን በጣም ያስደስተኛል። ቴሌግራፈኛ ማለት በዚያ ዘመን ከዓለም ጋር የሚነጋገር፣ ጊዜውን የቀደመ ሰው ነው። ቀን ቀን የወደቡን ወሬ በነጥብና በሰረዝ ይልካል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከግንቡ ውጪ ባለው አቧራ ላይ ኳስ ያንከባልላል። ቀድሞ ሪያዲ የሚባል ቡድን ነበረ፤ የኢቲሃድ ልጆች የራሳቸውን አቋቋሙና በመጀመሪያው ግጥሚያ እሱኑ አሸነፉት ይላሉ የክለቡ ሰዎች፤ እስከ ዛሬም በኩራት ይተርኩታል።

«ኢቲሃድ» ትርጉሙ ኅብረት ነው። የመካው ክለብ ደግሞ «ወህዳ» ይባላል፤ አንድነት። ኅብረትና አንድነት ላለፉት በርካታ አሥርተ ዓመታት እንዴት ሲተጋተጉ እንደኖሩ ከታች ያነባሉ።

እስቲ እዚህ ላይ ባሕሩን ልሻገር። ኢቲሃድ በተመሠረተ በ8 ዓመቱ፣ በ1935 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ አራዳ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስን አቋቋሙ። ጣሊያን ወረራውን በጀመረባቸው ወራት ነው። በወረራው ዘመን ቅዱስ ጊዮርጊስ የሐበሻ ቡድን ሆኖ መኖሩ ራሱ ትርጉም ነበረው። ከዚያ ክለብ የወጡት ይድነቃቸው ተሰማ ተጫዋች፣ አሰልጣኝ፣ በመጨረሻም ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን ያሰለጠኑትም እሳቸው ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ለንጽጽር ብቻ አይደለም። በሁለቱም የባሕር ዳርቻ ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው። የሰፈር ልጆች፣ አቧራ ሜዳ፣ ከየት መጣ ሳይባል በአንድ ቡድን የሚጫወት ሰው። የአራዳው ክለብ መሥራች አንዱ ሐበሻ፣ ሌላው የግሪክ ስም ያለው ልጅ ነበር። ጅዳም ላይ እንዲሁ። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

በ1937 አህሊ ተመሠረተ። መሥራቹ ሐሰን ሸምስ ይባላሉ፤ አብረዋቸው የተነሱት አብዛኞቹ ወጣቶች በታዋቂው የፈላህ ትምህርት ቤት ያለፉ ነበሩ። መጀመሪያ ስሙ «ሰግር» ነበር፤ የወደብ በር እንደማለት፤ ለጅዳ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም ነበር፤ ግን ተቀየረ። ቢጫና ጥቁር የቴሌግራፈኞቹ፣ አረንጓዴና ነጭ የተማሪዎቹ። ጅዳ ለሁለት የተከፈለችው ያኔ ነው። በኋላ ላይ ኢቲሃድ «የሕዝብ ክለብ» ሲባል፣ አህሊ ደግሞ የልዑል አብዱላህ አል ፈይሰል ድጋፍ ያልተለየው የጨዋዎች ክለብ የሚል ስም አተረፈ። ይህ አከፋፈል ዛሬ እውነት ነው ብዬ አልከራከርም። የሁለቱም ደጋፊዎች ግን ያምኑበታል፤ በደርቢ ቀን ደግሞ ከእውነት ይልቅ እምነት ይበልጣል።

በ1957 የመጀመሪያው የንጉሥ ዋንጫ ተካሄደ። ኢቲሃድ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ዋንጫውን ግን የወሰደው የመካው ወህዳ ነው። ኅብረት በአንድነት ተሸነፈ። ኢቲሃድ ቂሙን የተወጣው በ1958፣ በ1959 እና በ1960 ሦስቱንም ተከታታይ ዋንጫዎች በመብላት ነው። ወህዳ በ1966 አንድ ጊዜ ደገመና ከዚያ ወዲህ ያን ያህል አልቀናውም። መካ የሚኖሩ አንባቢያን ይህን ሲያነቡ ልባቸው እንደሚያዝን አውቃለሁ። ወህዳ ግን ሌላ ሥራ ሠርቷል፤ ተጫዋች አፍርቷል። ናስር አል ሸምራኒም፣ ኡሳማ ሀውሳዊም ከእዚያ የወጡ ናቸው።

«ሀውሳዊ» የሚለውን ስም አስተውለው ያውቃሉ? ከማልያው ጀርባ ያዩታል። ሀውሳ ማለት ናይጄሪያና ኒጀር ያለው ሕዝብ ነው። «ፈላታ» የሚለውም እንዲሁ ፉላኒ ከሚባለው ሕዝብ፣ «በርናዊ» ደግሞ ከቦርኖ የመጣ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ለሐጅ መጥተው መካና ጅዳ የቀሩ ሰዎች ናቸው። በ2018 የዓለም ዋንጫ የሳዑዲ ቡድን ውስጥ ሦስት ሀውሳዊዎች ነበሩ፤ ኡሳማ፣ ዑመርና ሙዕተዝ። አንድ አገር የራሱን ታሪክ አንዳንዴ በመጽሐፍ ሳይሆን በማልያ ጀርባ ላይ ይጽፋል።

ወደ ኢቲሃድ እንመለስ። ረጅሙን መሀል ዘለል አድርጌ ወደ አንድ ሳምንት ልውሰድዎት። 2004፣ የኅዳር ወር መጨረሻ። የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ጅዳ ላይ። ተጋጣሚው የደቡብ ኮሪያው ሶንግናም። ከተማዋ በቢጫ ተሸፍናለች። ውጤቱ? 3 ለ 1፤ ለኮሪያውያኑ። በራስ ሜዳ፣ በራስ ሕዝብ ፊት። ደጋፊው ወደ ቤቱ የሄደው እንደ ለቅሶ ተመላሽ ነው ይባላል። ለመልሱ ጨዋታ ቢያንስ የሁለት ጎል ልዩነት ማካካስ ይጠበቅባቸዋል፤ ያውም በኮሪያ ብርድ፣ ከሙቀት አገር በመጡ እግሮች።

ታኅሣሥ 1 ቀን ሶንግናም ላይ የሆነውን የጅዳ ሰው እስከ ዛሬ እንደ ተረት ያወራዋል። ሪዳ ቱከር አገባ። ሐምዛ ኢድሪስ ጨመረ። መሐመድ ኑር ሁለት ጊዜ፣ መናፍ አቡሽቀይር አንድ ጊዜ። 5 ለ 0። ዋንጫው በቢጫና ጥቁር ሪባን ታስሮ ጅዳ ገባ። የሪዳ ሙሉ ስም ሪዳ ቱከር ፈላታ መሆኑን ስነግርዎ ከላይ ያልኩት ትዝ ይበልዎት። አምበሉ መሐመድ ኑር ደግሞ መካ የተወለደ ነው። ቤቱም ክብሩም ግን ኢቲሃድ ሆነ። ሾፌሩ ስለ ኢቲሃድ ቢጠይቅዎና አንድ ስም ብቻ መጥራት ከፈለጉ «ኑር» ይበሉ፤ ሒሳብ ሊቀንስልዎም ይችላል።

በቀጣዩ ዓመት ደገሙት። የኤምሬትሱን አል ዓይንን በሜዳው 1 ለ 1፣ ጅዳ ላይ 4 ለ 2። ከዚያ ቶኪዮ ወደ ተደረገው የዓለም ክለቦች ሻምፒዮና ሄዱና የካይሮውን አህሊ በኑር ጎል 1 ለ 0 ረቱት፤ የግብፁ ክለብ ለረጅም ጊዜ ሳይሸነፍ የዘለቀበት ጉዞ በዚያ ተቋረጠ። በግማሽ ፍጻሜው ለብራዚሉ ሳኦ ፓውሎ የተሸነፉት 3 ለ 2 ነው። ሳኦ ፓውሎ ፍጻሜውን በሊቨርፑል ላይ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ተከላካዩ ሐመድ አል ሙንተሸሪ የዚያ ዓመት የእስያ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በ2009 እንደገና ለእስያ ፍጻሜ ደርሰው ለኮሪያው ፖሃንግ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2012 ግማሽ ፍጻሜ ላይ የገጠማቸው ማን መሰለዎት? አህሊ። መጀመሪያ ኢቲሃድ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ በመልሱ አህሊ 2 ለ 0። ጅዳ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። አህሊ ግን ፍጻሜውን ለኡልሳን ተሸንፎ ተመለሰ። ኢቲሃድ በ2019 እና በ2020 ደግሞ ከሊጉ ለመውረድ ጫፍ ደርሶ ተረፈ። የአህሊ ደጋፊ በዚያ ወቅት ያፌዘውን ያህል በ2022 ተመልሶበታል፤ ሳይታሰብ አህሊ ራሱ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ። እንዲህ ነው የጎረቤት ነገር።

አህሊ በአንድ ዓመት ተመልሶ ወጣ። ግንቦት 3 ቀን 2025 ደግሞ በንጉሥ አብዱላህ ስፖርት ከተማ የጃፓኑን ካዋሳኪ ፍሮንታሌን በጋሌኖና በኬሲዬ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ለዘመናት ያመለጠውን የእስያ ዋንጫ አነሳ። በዚያው ወር ኢቲሃድ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ የንጉሡንም ዋንጫ ቃድሲያን 3 ለ 1 አሸንፎ ጨመረ። አንድ ከተማ፣ አንድ ወር፣ ሦስት ዋንጫ። ኮርኒሽ ላይ የመኪና ጡሩምባ ያላቋረጠበት ግንቦት ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ ከመጣ በኋላ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ሰኔ 2023 የሳዑዲ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ኢቲሃድን፣ አህሊን፣ ሂላልንና ናስርን በአንድ ቀን ጠቀለላቸው፤ ከእያንዳንዱ 75 በመቶውን ወሰደ፤ ቀሪው 25 በመቶ ለትርፍ ላልቆሙ የክለብ ድርጅቶች ተተወ። በዚያው ወር ካሪም ቤንዜማና ንጎሎ ካንቴ ለኢቲሃድ ፈረሙ። ብዙ ሰው ግን አንድ ነገር ይረሳል፤ ኢቲሃድ የ2023ን ሊግ የበላው ቤንዜማ ከመምጣቱ በፊት ነው። ከ2009 ወዲህ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነበር። ጎሎቹን ሲያስቆጥር የነበረው ሞሮኳዊው ሐምደላህ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ደግሞ ሃሩን ካማራ የሚባል አጥቂ ነበረ።

እዚህ ላይ ነው ያቺን ነጥብ የምናነሳት።

ሃሩን ካማራ የጊኒ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ያደገው ሳዑዲ ነው። ኳስ የተማረው በዚህ አገር ሰፈር ነው። ለረጅም ጊዜ እንደሱ ያለ ልጅ የቱንም ያህል ቢጫወት ክለብ ገብቶ በሊጉ መሰለፍ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም እንደ ማንኛውም የውጭ ተጫዋች ስለሚቆጠር። ክለብ ደግሞ የውጭ ተጫዋች ኮታውን ለብራዚላዊ እንጂ ለጅዳ ሰፈር ልጅ አያውልም። በ2017 ሕጉ ተሻሻለ። «መዋሊድ» የሚባሉት፣ ማለትም ከውጭ ዜጋ ወላጆች እዚሁ የተወለዱ ልጆች፣ በክለቦች እንዲመዘገቡ ተፈቀደ። ካማራ በዚያ በር ከገቡት ታዋቂው ነው። ዜግነት አገኘ፤ ለሳዑዲ ብሔራዊ ቡድንም ተጫወተ።

እርስዎ ጅዳ ልጅ ወልደው ከሆነ ይህ ዜና ለእርስዎ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ልጅ አለ። ጅዳ የተወለደ፣ አማርኛውን ከእናቱ፣ ዓረብኛውን ከሰፈሩ የተማረ፣ አገሩን የሚያውቀው በክረምት ዕረፍት ብቻ የሆነ። ኢቃማው ላይ ያለው ዜግነት አንድ ነገር ይላል፤ አነጋገሩ ሌላ። በ2013 በጅምላ ወደ አገር ቤት መመለስ ሲጀመር ብዙ የሐበሻ የዓርብ ቡድኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈረሱ። ግብ ጠባቂው ሄደ፣ አማካዩ ሄደ፣ ኳሷን የሚያስቀምጠው ሰውዬም ሄደ። ያን ጊዜ ሜዳው ዳር ቆሞ የነበረ የስምንት ዓመት ልጅ ዛሬ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ሕጉ ተለወጠ ማለት በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት አይደለም። ቦታው ጥቂት ነው፤ ፉክክሩ ከየመኒውም ከቻዱም ከሱዳኒውም ልጅ ጋር ነው። ደንቡም ከዓመት ዓመት ይስተካከላል። ስለዚህ ልጅዎ ተስፋ ያለው ከሆነ ሰፈር ውስጥ «ወደ ክለብ አስገባዋለሁ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመስማትዎ በፊት ክለቡን በቀጥታ ይጠይቁ። እንዲህ ያለ ደላላ እኔም ገጥሞኛል፤ ስሙን አልጠራም፤ ገንዘቤን ግን አልረሳውም።

ስለ ሴቶቹም አንድ ነገር ልበል፤ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በየቤቱ የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸውና። ጥር 12 ቀን 2018 ሴቶች በሳዑዲ የሊግ ጨዋታ ለማየት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም የገቡት እዚሁ ጅዳ ነው። አህሊ ባጢንን 5 ለ 0 ያሸነፈበት ዕለት ነው። ዛሬ ኢቲሃድም አህሊም የሴት ቡድን አላቸው። የዕረፍት ቀንዎ ከጨዋታ ጋር ከገጠመ በቤተሰብ መቀመጫ በኩል ይግቡ፤ ትኬቱ በስልክ ይቆረጣል። ስታዲየሙ ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ «አል ጀውሃራ» ካሉት ማንኛውም ሾፌር ያውቀዋል። በ2014 የተከፈተ፣ 60 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ነው። ቀደም ብለው ይውጡ፤ የመዲና መንገድ በጨዋታ ቀን አይታመንም።

እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ከስታዲየሙ ይልቅ የምወደው ሌላ ቦታ አለ። ከዒሻ ሶላት በኋላ በደቡብ ጅዳ ሰፈሮች፣ በሁለት ሕንጻዎች መሀል ባለው ባዶ ቦታ፣ በመንገድ መብራት የሚደረገው ጨዋታ ነው። ጎሉ ሁለት ጫማ ነው። አንዱ ቢጫና ጥቁር ለብሷል፣ ከጀርባው «ቤንዜማ» የሚለው ፊደል ግማሹ ተልጧል። ሌላው አረንጓዴ ለብሷል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ኳስ ሲለምን በዓረብኛ ጮኸ፤ ሳይሰጡት ሲቀሩ ግን የተናደደው በአማርኛ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ ሳቀና ሮጠ። ኢቲሃዲ ነበር።